ለአልኮል የሚጮኽ፣ ለካርቦን ሞኖክሳይድ የሚያንቀላፋ ፊልም

ጥያቄ፦ «ለጋዝ ሴንሰር የሚሆን የቲን ኦክሳይድ ስስ ፊልም በሶል-ጄል ዘዴ (ፈሳሹ ሶል ወደ ጄል ረግቶ ሲጠበስ ኦክሳይድ በሚሆንበት መንገድ) አዘጋጅቼ በተራ መስታወት ላይ ቀባሁትና 500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ለአንድ ሰዓት አቆየሁት። የኤክስሬይ ዲፍራክሽን ውጤቱ የቅንጣቶቹ መጠን 20 ናኖሜትር ገደማ መሆኑን ያሳያል። ዓላማዬ ካርቦን ሞኖክሳይድንና ሃይድሮጅን ሰልፋይድን ማወቅ ነው። 350 ዲግሪ ላይ ስፈትሸው ግን ለ100 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 100 እጅ) ካርቦን ሞኖክሳይድ ሬዚስታንሱ፣ ማለትም ለኤሌክትሪክ ያለው ተቃውሞ፣ በ1.5 እጥፍ ብቻ ነው የሚወርደው፤ ያውም 9 ደቂቃ ያህል ፈጅቶ። የመፈተሻ ሳጥኑ 1 ሊትር ይይዛል፤ ጠቅላላ ፍሰቱ በደቂቃ 250 ሚሊ ሊትር ነው። ጋዙ በናይትሮጅን የተበረዘ ባለ 400 ፒፒኤም ሲሊንደር ሲሆን አየሩን ከክፍሉ በትንሽ ፓምፕና በሲሊኮን ቱቦ እስባለሁ። አንድ ሰው አጠገቡ ቆሞ እጁን በሳኒታይዘር ሲያሽ ግን ምልክቱ ከካርቦን ሞኖክሳይዱ ብዙ እጥፍ ይበልጣል። በሁለት ወር ውስጥ ደግሞ የመነሻ ሬዚስታንሱ በግማሽ ወረደ። ቅንጣቱን ወደ 5 ናኖሜትር ላሳንሰው? ወይስ ትቼው ወደ ዚንክ ኦክሳይድ ናኖሽቦ ልሂድ?»

ምላሽ፦

ለጊዜው ሁለቱንም ይተዉአቸው። ዝርዝሩን አሟልተው መጻፍዎ ጠቅሞኛል፤ ምክንያቱም ከገለጹት ችግር ከግማሽ በላዩ ፊልሙ ውስጥ ሳይሆን ጠረጴዛው ላይ ነው ያለው። ጠረጴዛው ሳይስተካከል ፊልሙን ቢቀይሩ አዲሱም ፊልም እንደ አሮጌው «ደካማ» ይባላል።

ከ9 ደቂቃው እንጀምር። 1 ሊትር ሳጥን በደቂቃ 250 ሚሊ ሊትር ሲገባበት፣ ውስጡ ያለው አየር አንድ ጊዜ ለመተካት የሚያስፈልገው መጠን እስኪገባ 4 ደቂቃ ይፈጃል። አዲሱ ጋዝ ግን አሮጌውን እንደ ፒስተን ገፍቶ አያስወጣውም፤ እየተቀላቀለ ነው የሚተካው። ስለዚህ በ4 ደቂቃ የሚደርሰው 63 በመቶ ብቻ ነው፤ 90 በመቶ ለመድረስ የ4 ደቂቃ 2.3 እጥፍ ያስፈልጋል። ሲያባዙት 9.2 ደቂቃ ይመጣል። እርስዎ የለኩት የፊልሙን ፍጥነት ሳይሆን የሳጥኑን አሞላል ነው። (በዚህ አላፍርብዎትም፤ እኔ ራሴ ተማሪ ሳለሁ አንድ ሙሉ የጥናት ምዕራፍ «የምላሽ ፍጥነት» ብዬ ጽፌ፣ ኋላ ሳጥኑን ስቀይር ሁሉም ፊልሞች በአንድ ጊዜ «ፈጣን» ሆኑብኝ።) የሳጥኑን ይዘት ወደ 20 ሚሊ ሊትር ካወረዱት በዚያው ፍሰት 90 በመቶ ለመድረስ 11 ሰከንድ ገደማ ይበቃል፤ ከዚያ በኋላ የሚያዩት መዘግየት የፊልሙ ነው ማለት ይቻላል።

ሁለተኛው ወጥመድ ናይትሮጅኑ ነው። ከ400 ፒፒኤም ሲሊንደር 100 ፒፒኤም ለማግኘት ከአራት አንድ እጁ የሲሊንደር ጋዝ፣ ሦስት እጁ አየር ይሆናል። ያኔ ኦክስጅኑም ከ21 በመቶ ወደ 15.7 በመቶ ይወርዳል። የዚህ ሴንሰር ሬዚስታንስ ደግሞ የተመሠረተው በኦክስጅን ላይ ነው። ሬዚስታንሱ የኦክስጅንን ካሬ ሥር ተከትሎ ይሄዳል ብለን ብንነሳ፣ አንዲት ቅንጣት ካርቦን ሞኖክሳይድ ሳትኖር 13 በመቶ ያህል ይወርዳል። ካዩት 1.5 እጥፍ ውስጥ 1.15 ገደማው የናይትሮጅኑ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ማረጋገጫው ቀላል ነው፦ ካርቦን ሞኖክሳይድ በሌለበት ንጹሕ ናይትሮጅን ያንኑ ሙከራ ይድገሙት። ምልክት ካሳየ ያንን ቀንሰው ይያዙ፤ ከተቻለ ደግሞ ቀጣዩ ሲሊንደርዎ በአየር የተበረዘ ይሁን።

ኦክስጅን ለምን ይህን ያህል ሥልጣን እንዳለው ካልተብራራ ስለ 5 ናኖሜትር የምለው አይገባም። ቲን ኦክሳይድ ኤሌክትሮን ተሸካሚ ሴሚኮንዳክተር ነው፤ የኦክስጅን ጉድለቶቹ (በክሪስታሉ ውስጥ ኦክስጅን የጎደለባቸው ቦታዎች) ናቸው ነጻ ኤሌክትሮን የሚያበዙለት። አየር ላይ ሲሞቅ የአየሩ ኦክስጅን ገጹ ላይ ይለጠፍና ከውስጥ ኤሌክትሮን ይነጥቃል። ከ150 ዲግሪ በታች አብዛኛው በሞለኪውል መልክ፣ ከዚያ በላይ እስከ 400 ገደማ በአቶም መልክ ነው የሚቀመጠው፤ ኃይለኛ ምላሽ የሚሰጠውም ይህ ሁለተኛው ነው። ኤሌክትሮኑ የተነጠቀበት የገጹ ሥር «የተራቆተ ሽፋን» ይሆናል፤ ሁለት ቅንጣቶች በሚነካኩበት ቦታ ይህ ሽፋን እንደ ኬላ ቆሞ የኤሌክትሪክ ጅረቱን ያግዳል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሲመጣ የተለጠፈውን ኦክስጅን ወስዶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሆናል፤ ኤሌክትሮኑ ወደ ቅንጣቱ ይመለሳል፣ ኬላው ዝቅ ይላል፣ ሬዚስታንሱ ይወርዳል። እንደ ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ ያለ ጋዝ ደግሞ ተቃራኒውን ያደርጋል፤ ራሱ ኤሌክትሮን ነጣቂ ስለሆነ ሬዚስታንሱን ያንረዋል። ለእሱ ብዙዎች የሚመርጡት ተንግስተን ኦክሳይድን ነው።

ይህ አዲስ ግኝት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1962 ጃፓናዊው ቴትሱሮ ሴያማና ባልደረቦቹ የዚንክ ኦክሳይድ ስስ ፊልም ለጋዝ ምላሽ እንደሚሰጥ አሳዩ፤ በዚያው ዓመት ናኦዮሺ ታጉቺ ለቲን ኦክሳይድ መሣሪያው የፈጠራ መብት አመለከተ። ዛሬ በየሱቁ የሚሸጠው ትንሽ የብረት ቆብ ያለው ሴንሰር የዚያ ዝርያ ነው። «ናኖ» የሚለው ቃል ትርጉም ያገኘው ኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1991 ነው። ኖቦሩ ያማዞኤ ያለበት ቡድን የቲን ኦክሳይድ ቅንጣት ከ6 ናኖሜትር አካባቢ ሲያንስ ምላሹ በድንገት እንደሚወነጨፍ አሳየ።

ምክንያቱን በራስዎ ቁጥር ማስላት ይችላሉ። የተራቆተው ሽፋን ውፍረት 3 ናኖሜትር ነው እንበል። ቅንጣቱ 100 ናኖሜትር ከሆነ ከይዘቱ የተራቆተው 17 በመቶ ብቻ ነው፤ ቀሪው ጋዝ መጣ አልመጣ ግድ የለውም። በእርስዎ 20 ናኖሜትር የተራቆተው 66 በመቶ ይደርሳል። በ6 ናኖሜትር ከሁለቱም ወገን ሽፋኑ መሃል ላይ ይገናኝና ሙሉ ቅንጣቱ የጋዙ ታዛዥ ይሆናል። እንግዲህ 5 ናኖሜትር የሚለው ሐሳብዎ በወረቀት ላይ ትክክል ነው።

እኔን የሚያሳስበኝ ከወረቀት ውጭ ያለው ነው። እንዲህ ያነሰ ቅንጣት በ350 ዲግሪ ላይ ለወራት ሲቀመጥ ዝም ብሎ አይጠብቅዎትም፤ ትንንሾቹ ወደ ትልልቆቹ እየተዋጡ ያድጋል። ዛሬ የለኩት ፊልምና ከሦስት ወር በኋላ የሚኖርዎት ፊልም ሁለት የተለያዩ ዕቃዎች ይሆናሉ። ሌላ ኦክሳይድ በጥቂቱ ጨምሮ እድገቱን መግታት ይቻላል፤ ግን ያ ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ከዚህም በላይ፣ ማነስ ምላሽን የሚጨምረው ለሁሉም ጋዝ ነው። ለካርቦን ሞኖክሳይድ ሁለት እጥፍ ቢነቃ ለሳኒታይዘሩም ለእርጥበቱም ይነቃል። የእርስዎ ችግር ፊልሙ አለመስማቱ ሳይሆን የሰማውን አለመለየቱ ነው።

ናኖሽቦም ቢሆን ከዚህ አያድንም። እርግጥ አንድ ወጥ ክሪስታል ስለሆነ እንደ ቅንጣት አያድግም፤ በዚህ እወደዋለሁ። ዚንክ ኦክሳይድ ግን በተለይ ለኢታኖል ባለው ጉጉት የታወቀ ነው፣ ለአሲድም ለአልካሊም ደካማ ነው፣ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ሲበዛበት ደግሞ ገጹ ወደ ሰልፋይድ ይለወጣል። ሽቦዎቹን ከኤሌክትሮድ ጋር በደንብ ማገናኘት ምን ያህል እንደሚያሰለች የሚያውቀው የሞከረው ነው።

አሁን ወደ ሳኒታይዘሩ። «እሳት ካየው ምን ለየው» ይባላል፤ የዚህ ፊልም ጠባይም ይኸው ነው። ገጹ ላይ መቃጠል የሚችል ሁሉ ለእሱ አንድ ነው። ልዩነቱ በምርኮው መጠን ነው፦ አንድ የካርቦን ሞኖክሳይድ ሞለኪውል የሚወስደው አንድ ኦክስጅን ነውና አንድ ኤሌክትሮን ይመልሳል፤ አንድ የኢታኖል ሞለኪውል ግን እስከ መጨረሻው ከተቃጠለ ስድስት ኦክስጅን ወስዶ ስድስት ኤሌክትሮን ይለቃል። በዚያ ላይ ከእጅ የሚተነው አልኮል አፍንጫ የሚሞላ ነው፤ ከ100 ፒፒኤም በእጅጉ ይበልጣል። ፊልምዎ ስህተት አልሠራም፤ የተጠየቀውን ነው የመለሰው።

መለየትን የሚያመጡት አራት ነገሮች ናቸው፤ እኔ በዚህ ቅደም ተከተል እሞክራቸው ነበር። የመጀመሪያው ርካሽና ብዙ ተመራማሪ የሚንቀው ነው፦ ከፊልሙ ፊት የገቢር ከሰል ማጣሪያ ማድረግ። ከሰሉ የአልኮልና የሟሟ ትነት ይይዛል፣ ካርቦን ሞኖክሳይድን ግን ያሳልፋል። ገበያ ላይ ያሉት ጥሩ ሴንሰሮች የሚሠሩት ከዚህ ጋር ነው። (ሃይድሮጅን ሰልፋይድንም ስለሚይዝ ለሁለተኛው ዓላማዎ ግን አይሆንም።)

ሁለተኛው ፓላዲየም ወይም ፕላቲነም ነው፤ በክብደት ከአንድ በመቶ ባነሰ መጠን፣ በናኖሜትር ደረጃ ተበታትኖ። ፕላቲነም ጋዙን ገጹ ላይ ሰባብሮ ወደ ኦክሳይዱ ያሻግራል፤ ፓላዲየም በኦክሳይድ መልኩ ከቲን ኦክሳይዱ ኤሌክትሮን እየሳበ ኬላውን ያጠነክርና ጋዝ ሲመጣ ይለቀዋል። ውጤቱ ካርቦን ሞኖክሳይድን ዝቅ ባለ ሙቀት ማቃጠል መቻል ነው። ብዙ ጨምሬ ብዙ ላግኝ ማለት ግን አያዋጣም፤ ሲበዛ ብረቱ ራሱ ይጓጉልና ጋዙ ኬላው ጋ ሳይደርስ ይነዳል።

ሦስተኛው ሙቀቱ ነው። 350 ዲግሪን ለምን እንደመረጡ አልጻፉም፤ ከጽሑፍ ያገኙት ከሆነ ይተዉት። የራስዎን ፊልም ከ150 እስከ 400 በየ25 ዲግሪው ይለኩት። ጉልላት የመሰለ ቅርጽ ያገኛሉ፦ በታችኛው ሙቀት ምላሹ ዘገምተኛ ነው፣ በላይኛው ደግሞ ጋዙ የፊልሙ የላይኛው ንጣፍ ላይ ተቃጥሎ ያልቃል፤ ሬዚስታንሱ የሚለካበት የብረት ንክኪ (ኤሌክትሮዱ) ባለበት ታች የሚደርሰው ከንቱ ነው። የጉልላቱ ቦታ ለካርቦን ሞኖክሳይድና ለኢታኖል አንድ አይደለም፤ መለያው እዚያ ነው። የፊልም ውፍረትም ከዚህ ጋር ይያያዛል። ጥቅጥቅ ያለ ፊልም ከሆነ የሚሠራው ገጹ ብቻ ነውና መቅጠን አለበት፤ ቀዳዳ የበዛበት ከሆነ ጋዙ ወደ ውስጥ ይገባል። የፊልሙን የማይክሮስኮፕ ፎቶ ባላይም፣ በሶል-ጄል የተቀባ ፊልም ብዙ ጊዜ ከሚገመተው በላይ ጥቅጥቅ ያለ ነው። ቅንጣቱን ከማሳነስ ይልቅ ቀዳዳውን ቢያበዙለት ይሻላል የምለው ለዚህ ነው፤ በሶሉ ውስጥ በኋላ ተቃጥሎ የሚጠፋ ፖሊመር መጨመር የተለመደ መንገድ ነው።

አራተኛው ሙቀቱን ከፍና ዝቅ ማድረግ ነው። ኤምኪው-7 የሚባለው የተለመደ የካርቦን ሞኖክሳይድ ሴንሰር ማሞቂያው 60 ሰከንድ በ5 ቮልት፣ 90 ሰከንድ በ1.4 ቮልት እንዲሠራ ተደርጎ ነው የተነደፈው። በሞቃቱ ጊዜ ገጹ ላይ የተጠራቀመው ውሃና ቆሻሻ ይነሳል፤ ልኬቱ የሚወሰደው በቀዝቃዛው ጊዜ መጨረሻ ላይ ነው። ይህን ሳያውቁ በ5 ቮልት ብቻ አገናኝተው «አይሠራም» የሚሉ ስንቶች ናቸው!

ስለ ውሃ ካነሳሁ ዘንድ፣ ከክፍሉ አየር መሳብዎን ያቁሙ። በ25 ዲግሪና በ50 በመቶ እርጥበት አየር ውስጥ ያለው የውሃ ትነት ወደ 15,600 ፒፒኤም ነው፤ ከሚፈልጉት 100 ፒፒኤም ካርቦን ሞኖክሳይድ 156 እጥፍ። ውሃ ገጹ ላይ ሃይድሮክሲል ሆኖ ይቀመጥና የኦክስጅኑን መቀመጫ ይይዛል፤ የመነሻ ሬዚስታንሱን ይቀንሳል፣ ለካርቦን ሞኖክሳይድ የሚሰጠውንም ምላሽ ያደክማል። ጠዋት የለኩትና ከሰዓት የለኩት ካልተስማማ መጀመሪያ የሚጠረጠረው እሱ ነው። ከሲሊንደር የሚመጣ ደረቅ አየር ለሁለት ከፍለው አንዱን በውሃ ውስጥ አሳልፈው በሚፈልጉት ልክ ይቀላቅሉት። ከዚያ በደረቅ፣ በ30ና በ60 በመቶ እርጥበት ሦስቴ ይለኩ። በደረቅ አየር ብቻ የተለካ ቁጥር ለኅትመት ያምራል፤ ሴንሰር የሚሠራው ግን ሰው በሚተነፍሰው አየር ውስጥ ነው።

የመነሻ ሬዚስታንሱ በግማሽ መውረዱ ሦስት ተጠርጣሪ አለው። ውሃውን ጠቅሻለሁ፤ ፊልሙን በደረቅ አየር 400 ዲግሪ ላይ አንድ ቀን ካቆዩት በኋላ ወደ ድሮው ከተመለሰ እሱ ነበር። ካልተመለሰ መስታወቱን ይመልከቱ። ተራ መስታወት ሶዲየም አለበት፤ በ500 ዲግሪ ሶዲየሙ ወደ ፊልሙ ይሰርጋል፣ መስታወቱ ራሱም ለመለስለስ ይቃረባል። በሥራ ሙቀት ላይ ደግሞ ሶዲየሙ በመስታወቱ ውስጥ እየተንቀሳቀሰ ጅረት ያስተላልፋል፤ ያኔ የሚለኩት የፊልሙንና የመስታወቱን ድምር ነው። ባዶ መስታወት ላይ ኤሌክትሮድ ሠርተው በ350 ዲግሪ ይለኩትና ይዩ። አሉሚና፣ ኳርትዝ ወይም ገጹ ኦክሳይድ የሆነ ሲሊከን ይጠቀሙ። ሦስተኛው የቅንጣት እድገት ነው፤ የኤክስሬይ ዲፍራክሽኑን ዛሬ ይድገሙትና ከመጀመሪያው ጋር ያነጻጽሩ። የእኔ ልማድ የመጨረሻውን ጥብሰት ከሥራው ሙቀት ቢያንስ በ150 ዲግሪ አስበልጦ ለብዙ ሰዓት ማቆየት ነው፤ የሚያድገው እዚያ አድጎ ይጨርስ። አንድ ሰዓት ግን ያንሳል።

ከሬዚስታንሱ ይልቅ ምላሹ እየሞተ ከሄደ ደግሞ ሌላ ጠላት አለ፤ የጻፉት ሲሊኮን ቱቦ ነው። ከሲሊኮን ቱቦና ማሸጊያ የሚወጣ ትነት ሞቃቱ ገጽ ላይ ሲቃጠል ሲሊካ ሆኖ ይጋገራል። በማሞቅ አይለቅም፤ ፊልሙ መርዝ ጠጣ ማለት ነው። ቱቦውን በቴፍሎን ወይም በማይዝግ ብረት ይቀይሩት፣ የሳጥኑንም ክዳን በሲሊኮን አያሽጉ።

ለሃይድሮጅን ሰልፋይድ ሁለተኛ ፊልም ይሥሩለት፤ አንድ ፊልም ሁለቱን እንዲለይ መጠየቅ ከንቱ ድካም ነው። እዚህ ጋ ቲን ኦክሳይድ ላይ ጥቂት የመዳብ ኦክሳይድ የተበተነበትን ፊልም የሚተካከለው የለም ባይ ነኝ፤ ውበቱም ከማቃጠል የተለየ መንገድ በመያዙ ነው። የመዳብ ኦክሳይድ፣ ከቲን ኦክሳይድ በተቃራኒ፣ ጅረቱን በኤሌክትሮን ሳይሆን ኤሌክትሮን በጎደለበት አዎንታዊ ክፍተት የሚሸከም ሴሚኮንዳክተር ስለሆነ ከቲን ኦክሳይዱ ጋር በሚነካካበት ሁሉ ጠንካራ ኬላ ይሠራል። ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ሲመጣ የመዳብ ኦክሳይዱ ወደ መዳብ ሰልፋይድ ይለወጣል፤ ይህ ደግሞ እንደ ብረት ጅረት ያስተላልፋል። ኬላው ድንገት ይፈርሳል፣ ሬዚስታንሱ በብዙ አሥር እጥፍ ይወድቃል። ኢታኖልም ካርቦን ሞኖክሳይድም ይህን ማድረግ አይችሉም። ከ150 እስከ 200 ዲግሪ ባለው ይጀምሩ። ድክመቱ አመላለሱ ነው፤ ሰልፋይዱ በአየር ተቃጥሎ ወደ ኦክሳይድ እስኪመለስ ይዘገያል፣ ስለዚህ ከእያንዳንዱ ልኬት በኋላ ለጥቂት ጊዜ ሙቀቱን ከፍ አድርጎ ማጽዳት ያስፈልጋል።

ዒላማዎን ከጋዞቹ ጉዳት ተነስተው ይወስኑ። የአሜሪካ የሥራ ደኅንነትና ጤና ብሔራዊ ተቋም ለካርቦን ሞኖክሳይድ በሥራ ቀን አማካይ 35 ፒፒኤም ይመክራል፤ ለሕይወት በቅጽበት አደገኛ የሚለው 1,200 ፒፒኤም ነው። ለሃይድሮጅን ሰልፋይድ ከፍተኛው ጣሪያ 10 ፒፒኤም፣ ቅጽበታዊው አደጋ 100 ፒፒኤም ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ፊልም ከ20 እስከ 400፣ ሁለተኛው ከ1 እስከ 50 ፒፒኤም ድረስ ይለካ፤ ከዚያ በታች ለፒፒቢ (ከቢሊዮን አንድ እጅ) መሽቀዳደም ለዓላማዎ አይጠቅምም።

አንድ ነገር በጥብቅ ልንገርዎ። 100 ፒፒኤም አካባቢ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ማሽተቻን ያደነዝዛል፤ «ሽታው ጠፋ» ማለት ጋዙ ጠፋ ማለት አይደለም። ካርቦን ሞኖክሳይድ ከነጭራሹ ሽታ የለውም። የሳጥኑ መውጫ ጭስ መሳቢያ ውስጥ ይግባ፣ ሲሊንደሩ የተበረዘ ይሁን፣ ጠረጴዛዎ አጠገብም በደንብ የተመሰከረለት የኤሌክትሮኬሚካል ማንቂያ ይኑር። በራስዎ ፊልም ራስዎን አይጠብቁ።

በቅድሚያ ሳጥኑን፣ ቱቦውንና አየሩን ቀይረው፣ የናይትሮጅኑን ባዶ ሙከራ ሠርተው፣ ያንኑ የ20 ናኖሜትር ፊልም አሉሚና ላይ ይድገሙት። ከዚያ በየ25 ዲግሪው የለኩትን የሬዚስታንስ መስመር ሳያጣሩ፣ ሳያለሰልሱ ይላኩልኝና ፓላዲየሙ ይጨመር አይጨመር የሚለውን እሱን አይተን እንወስናለን።